ከአሥራ አንዱ ምርመራ ሁለቱ

«መነሻው አሥር ሺህ ብቻ እኮ ነው ጌታዬ፤ በቀን ከመኪና ማቆሚያው የምንሰበስበውን እንኳ አይሞላም» አለ ከፊቷ የተሰለፈው ወጣት በስልክ፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ሳያስፈልገው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ በብብቱ ወፍራም ፋይል ሸጉጧል። ፋይሉ ላይ የአንድ ሆስፒታል ስም በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። በአውቶቡስ ስታልፍ የምታየው፣ አራት ፎቅ ሙሉ መስታወቱ ዓይን የሚወጋው ሆስፒታል ነው። ሴትየዋ ሳታስበው የእጅ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ቦርሳው ውስጥ ፖስታ፣ ፖስታው ውስጥ አሥራ ስምንት ሺህ አለ። ከዚያ ላይ ከግማሽ በላዩ፣ ያው አሥር ሺህ፣ የሚሄደው ለፈቃድ ማደሻው መነሻ ክፍያ ነው። የልጇ ላቦራቶሪ አንዲት ክፍል ናት፤ ከክፍሏ ጀርባ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ እናትና ልጅ የሚተኙበት ሌላ ጠባብ ክፍል። ከደጃቸው መኪና የቆመው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጎማ ሊቀይር። እስከዛሬ መነሻ ክፍያው ለሁሉም እኩል መሆኑን አንድ ሰው ተሳስቶ የጻፈው፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው አይቶ የሚያርመው ነገር አድርጋ ነበር የምታስበው። ወጣቱ ስልኩን ዘግቶ ሲያዛጋ ስታይ ግን ማንም እንደማያርመው ገባት።

ዘመዶቿ ሲያሾፉባት «ወይዘሮ አይቀርም» ይሏታል። ሰማይ ካጉረመረመ ጣሪያው ማፍሰሱ አይቀርም፤ ስልክ በማለዳ ከጮኸ መርዶ አይቀርም፤ ጎረቤት ካስነጠሰ ሳንባ ምች አይቀርም። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣም አውቶቡስ ላይ ቦርሳዋ እንደሚቀደድ፣ ፎቶው መጠኑ ልክ እንዳልሆነ፣ መስኮቱ ልክ እሷ ስትደርስ እንደሚዘጋ ታውቅ ነበር። ስለዚህ ፖስታውን በመርፌ ቁልፍ ከቦርሳው ገበር ጋር አያይዛዋለች፤ ሁለት በሚበቃበት ስድስት ፎቶ፣ አንድ በሚበቃበት አራት ኮፒ ይዛለች። ከዚያም አልፋ፣ ድንገት ተቆጣጣሪ ቢመጣ ብላ፣ ከምርመራ መድኃኒቶቹ ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ ያደረውን ግማሽ ሊትር ወተት ለጎረቤት ሰጥታ ነው የወጣችው። ልጇ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ጠዋት ጠዋት ሳይበሉ የሚመጡ ደንበኞች ስላሏት በሯን ዘግታ ሰልፍ መቆም አትችልም፤ አንድ ቀን ተዘግቶ ያገኛት ሰው በማግስቱ ከድልድዩ ማዶ ካለው ትልቁ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ስለዚህ ሰነዱን ሞልታ፣ አስተካክላ አጥፋ ሰጠቻት። «በመስኮቱ ስጪ፣ ገንዘቡን ክፈይ፣ ደረሰኝ ተቀበይ፤ በቃ» አለቻት። እናትየዋ «በቃ የሚባል ነገር መቼ አለ» ብላ ነው ከቤት የወጣችው።

የፈቃድ ማደሻው ክፍል ረጅም ኮሪደር ነው። በአንድ በኩል አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል የመስታወት መስኮቶች አሉ። መስኮቶቹ ላይ ለድምፅ የተበሳው ቀዳዳ ቁመቱ ለማን ተብሎ እንደተለካ አይታወቅም፤ አጭሩም ረጅሙም ጎንበስ ብሎ ነው የሚያወራው። ግድግዳው ላይ የክፍያ ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ከሥሩ አሮጌው ሰንጠረዥ ጠርዙ ብቻ ይታያል። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ነበር የቆመችው። ዓይኗ የመስኮቱን ሰዓትና የራሷን ቦርሳ ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

ከኋላዋ የተሰለፈችው ሸምገል ያለች ነርስ ናት። የበሩ ጥበቃ ሳይቀር «ሲስተር» እያለ ነው ያስገባት። ነጭ ጫማዋ ተደጋግሞ ቀለም ተቀብቶ ተሰነጣጥቋል።

«እርስዎም ሊያድሱ ነው ሲስተር?» አለቻት፣ ዝም ብሎ መቆሙ ሲከብዳት።

«ልመልሰው ነው እህቴ። ፈቃዱን ሠላሳ አንድ ዓመት የክሊኒኬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ፎቶዬን ገንጥለው ይስጡኝ እንጂ ሌላውን ይውሰዱት። ያን ጊዜ ቆንጆ ነበርኩ።»

«ምነው፣ ደከሞት?»

«እጄስ ገና ነው። ለመርፌው ለብቻ፣ ለቁስሉ ለብቻ፣ ለደም ግፊቱ ለብቻ ክፈይ አሉኝ። የደም ግፊት እኮ የምለካው በነጻ ነው ብላቸው፣ በነጻም ቢሆን አገልግሎት ነው፣ ይመዘገባል አሉኝ። እኔም በነጻ ለመሥራት የምከፍለው የለኝም ብዬ ዘጋሁት።» ይህን ስትናገር አልተማረረችም። የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ነው የምትመስለው። የሆስፒታሉ ወጣት ዘወር ብሎ ፈገግ አለላት፤ ተራው ደርሶ ፋይሉን በመስኮቱ ሰጠና ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ማህተሙን አስመትቶ ወጣ።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ጸሐፊ ዓይኑ የደከመ ጎልማሳ ነው። ሰነዱን ገልብጦ የምርመራዎቹን ዝርዝር በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ። ከዚያ የሒሳብ ማሽኑን ነካካና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው።

«አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ አምሳ ነው እናቴ።»

«አሥራ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ነው የተባልነው ልጄ።»

«በአሮጌው ነዋ። በአንድ ምርመራ ሰባት መቶ የነበረው ስምንት መቶ አምሳ ሆኗል። ከኋላዎ ተለጥፏል።»

«መቼ ነው የተለጠፈው?»

«ትናንት።»

«ታዲያ ትናንት ተለጥፎ፣ ዛሬ መጨረሻው ቀን ሆኖ…»

«እኔ አልለጠፍኩትም እናቴ» አለ፣ ሳይቆጣ።

ይህን አላሰበችውም። ሌባውን፣ ፎቶውን፣ አውቶቡሱን ሁሉ አስባ ክፍያው በአንድ ሌሊት ይጨምራል ብላ ግን አላሰበችም። ጸሐፊው ቀስ ብሎ አስረዳት። መስኮቱ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ከነገ ጀምሮ ቅጣቱ የክፍያው ግማሽ ነው፤ ያላደሰ ቤት ደግሞ ይታሸጋል። አሁን አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ቤቷ ሁለት አውቶቡስ ነው፤ ሄዳ መመለስ አይታሰብም፣ ብትመለስም ቤት ውስጥ የቀረ ገንዘብ የለም።

«ወይ ደግሞ ምርመራ ይቀንሱ» አለ።

«እንዴት ነው የሚቀነሰው?»

«በእስክሪብቶ።» ሰነዱን በቀዳዳው መልሶ ገፋላት። «የሰረዙት አጠገብ ይፈርሙ። ግን ይወቁት፣ አንዴ ከተሰረዘ ለዓመቱ ነው። መልሶ ማስጨመር እንደ አዲስ አመልካች ነው፤ ቁጥጥሩም እንደገና፣ መነሻውም እንደገና።»

ከመስኮቱ ፈቀቅ ብላ ለልጇ ደወለች። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደግማ ደወለች። ልጇ ደም ስትቀዳ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋለች። በዚያ ቤት ይህን ሕግ የማያከብር የለም፤ እናትየዋ ራሷ ስልክ ይዛ ስትገባ ልጇ ስንቴ ተቆጥታባታለች። ሦስተኛውን ከደወለች በኋላ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ የመስኮቱን ጠርዝ ተደግፋ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረች። ሽንት፣ ሰገራ፣ የደም ስኳር፣ የደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ ታይፎይድ፣ እርግዝና፣ ቂጥኝ፣ ኩላሊት፣ ሪህ፣ የጉበት ቫይረስ። በልጇ ልቅም ያለ እጅ የተጻፈ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለበት ጽሑፍ ነው። ለእሷ እነዚህ የምርመራ ስሞች ብቻ አይደሉም። መዝገቡን የምትይዘው፣ ገንዘቡን የምትቀበለው፣ ውጤቱን በፖስታ አሽጋ የምታቀብለው እሷ ናት። እያንዳንዱ ስም ከአግዳሚው ላይ የሚነሳ ፊት አለው። ስኳሩን ስታነብ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «በልቼ ነው የመጣሁት፣ ችግር አለው?» የሚለውን ሹፌር አየች። የደም ዓይነቱን ስታነብ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡትን ወጣቶች አየች።

ሪህ ቀላል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለሱ የመጣው ሰው አምስት አይሞላም። ሰረዘችው፤ አጠገቡም ፈረመች። ጸሐፊው ማሽኑን ነካክቶ «አምስት መቶ ይጎድላል» አለ። ሲስተር ሰምታ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የአውቶቡስ ዝርዝር ብር ብቻ ነው ያለው። «ይቅርታ እህቴ፣ ዛሬ ላለመክፈል ነው የመጣሁት» አለች። ጸሐፊው ሰዓቱን አየ። ሌላም ምርመራ መሰረዝ አለበት።

ዓይኗ ቀድሞ ያረፈው የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። ምግብ ቤት የሚሠራ ሁሉ በየስድስት ወሩ የጉበት ቫይረስ እንደሌለበት ወረቀት ማቅረብ አለበት፤ ስለዚህ አስተናጋጁም፣ ሳህን አጣቢውም፣ ዳቦ ጋጋሪውም ወደ ልጇ ይመጣል። ብዙዎቹ ወረቀታቸውን ይዘው እየሳቁ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ግን ፖስታውን አግዳሚው ላይ ከፍተው እዚያው ይቀመጣሉ። ከሁለት ወር በፊት አንድ አስተናጋጅ ወረቀቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «ልጅሽ ከሥራዬ አስወጣችኝ» ብሎ፣ የቤቱን ቁጥር ቀና ብሎ አንብቦ ሄደ። ያ ቁጥሩን ማንበቡ ነው ከሆዷ ያልወጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲመሽ በሩን ሁለቴ ነው የምትቀረቅረው። ልጇ ዘግየት ብላ ስትመጣ መንገድ ዳር ወድቃ ይታያታል። ለልጇ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ብትነግራት «አይቀርምዬ» ብላ እንደምትስቅባት ታውቃለች። አሁን እስክሪብቶው በእጇ፣ ሰነዱ ከፊቷ ነው። ያ ምርመራ ከሌለ እንደዚያ ያለ ሰው ደጃፏ ላይ አይቆምም። እንዲህ ስታስበው የክፍያው መጨመር ራሱ ከፍርሃቷ መውጫ በር የከፈተላት መሰላት። የፎቶውን ፖስታ ጠርዝ እንደ ማስመሪያ ተጠቅማ መስመሩን ቀጥ አድርጋ ሰረዘች፤ አጠገቡም በትንሹ ፈረመች።

«የጉበቱን ነው የሰረዙት?» ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«አዎ ልጄ።»

«ይሁን» አለና ማህተሙን መታው። አሥራ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ አምሳ ቆጥራ ከፈለች፤ ደረሰኙን አራት ቦታ አጥፋ ከበፊቱ ፖስታ ውስጥ ከተተችው፣ ፖስታውንም በመርፌ ቁልፍ መልሳ ከገበሩ ጋር አያያዘችው። ስትወጣ ሲስተር መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብላ «ፎቶውን ነው ያልኩህ» ስትል ሰማቻት።

አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል መቀመጫ አገኘች። ለትንሽ ጊዜ ትከሻዋ ላይ የነበረ ነገር የወረደላት መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ ለልጇ ምን እንደምትል ማሰብ ጀመረች። የመድኃኒቱ ዋጋ ተወዷል ልትል አሰበች፤ መድኃኒቱን የምትገዛው ግን ልጇ ናት። ደንበኛው ቀንሷል ልትል አሰበች፤ መዝገቡ አለ። ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ ስትደርስ «እነሱ ናቸው የሰረዙት» የሚለውን መርጣ ነበር። ደጋግማ በሆዷ ስትለው እውነት እየመሰላት ሄደ። ክፍያውን የጨመሩት እነሱ አይደሉም? እስክሪብቶውንስ የሰጧት እነሱ አይደሉም?

ቤት ስትደርስ የጠዋቱ ሰው ሁሉ ተሸኝቷል። ክፍሉ በበረኪና ሽታ ታጥኗል፤ ያገለገሉ መርፌዎች የሚጣሉበት ቢጫ ሣጥን ሞልቶ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጓል። ልጇ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ በግራ እጇ የደም ሕዋስ መቁጠሪያውን ማሽን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ቀና አላለችም።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ተመስገን። ሻይ አለ በፔርሙሱ።»

እናትየዋ ሰነዱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ጫማዋን አወለቀች። ሻዩን ቀዳችው እንጂ አልጠጣችውም። የመቁጠሪያው ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ፤ ከዚያ ቆመ። ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። ወረቀት ተገለጠ። እናትየዋ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና የልጇን ጫማ ጫፍ ታያለች፤ ጫማው አንድ ቦታ ቆሟል።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ማን ነው የሰረዘው?»

«እነሱ ናቸው። ክፍያው ጨምሮ፣ አልበቃ ብሎ… ሁለት ይሰረዝ አሉ። ሦስቴ ደወልኩልሽ።»

«ፊርማው ያንቺ ነው።»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ልጇ የተቆጣች አትመስልም። ሰነዱን እንደ ደም ናሙና በሁለት ጣቷ ይዛ ታየዋለች።

«እሺ ሪሁ ይሁን። ከሁሉም ይልቅ የእርግዝናውን ብትሰርዢው ምን ነበረበት? እሱን ፋርማሲው ይሸጠዋል፣ ሰው በቤቱ ይመረምራል። አንድ ሰው አይቸገርም ነበር።»

ለእናትየዋ ይህ አልመጣላትም ነበር። መስኮቱ ጋ ቆማ አሥራ አንዱንም ስታነብ ይህ አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ አላለላትም። «እሱ ሰው አያስከፋም» አለች።

«አያስከፋም? ስንቷ ናት እዚህ አግዳሚ ላይ ተንሰቅስቃ ያለቀሰችው?»

«እሷ የምታለቅሰው ለራሷ ነው። በኛ አትመጣም።»

«በኛ ማን መጣ?»

እናትየዋ ሰውየው ደጃፉ ላይ የቆመበትን ቦታ በዓይኗ አየችው፤ ምንም የለበትም፤ ጠዋት ራሷ የወለወለችው ሲሚንቶ ነው። «ማንም» አለች። ልጇ ማቀዝቀዣውን ከፍታ የጉበት መመርመሪያውን ካርቶን አወጣች። ክዳኑ ገና አልተከፈተም፤ ባለፈው ወር በዱቤ የመጣ ነው። ጎኑ ላይ የታተመውን የማብቂያ ቀን አነበበች፣ በሆዷ የሆነ ነገር አሰላች፣ መልሳ አስገባችው። ማቀዝቀዣውን ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፋች። የመቁጠሪያው ማሽን ግን ድምፅ አላሰማም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ገባች። ከታች ካለው ምግብ ቤት ሳህን የምታጥብ ናት፤ ሽርጧን ሳትፈታ ነው የመጣችው። እጆቿ ውኃ ውስጥ ከመዋል ብዛት ነጥተው ተጨማደዋል። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም፤ ገንዘቧን በእጇ ጨብጣ ቆመች።

«የጉበት ነበር እትዬ።»

«እሱ ቆሟል የኔ ልጅ።»

«እስከ መቼ?»

«ለዓመቱ።»

«መድኃኒቱ አልቆ ነው?»

«አይ፤ መድኃኒቱስ አለ። ፈቃዱ ነው።» ይህን ስትናገር ከጀርባዋ ልጇ ሥራዋን እንዳቆመች ተሰማት። «ከድልድዩ ማዶ ያለው ትልቁ ላቦራቶሪ ይሠራል።»

«እዚያ ስንት ነው?»

«ስድስት መቶ።»

ሴትየዋ የጨበጠችውን ገንዘብ አላየችውም። ሁለት መቶ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

«አሠሪሽ ይከፍልልሻል። ወረቀቱ ግዴታው አይደል?» አለች እናትየዋ፣ ቶሎ ብላ።

«አሠሪዬማ ወረቀቱን ከየትም ያመጣዋል። ገዝቶም ቢሆን። ባለፈውም ለግማሾቹ ሳይመረመሩ ነው ያመጣላቸው።» እንደ ቀልድ ፈገግ አለች። «እኔ እንኳ ለወረቀቱ አልነበረም የመጣሁት። እህቴ በሱ ነው የሞተችው። ቀድማ ብታውቀው ኖሮ አሉን። የማጠባው ልጅ አለኝ፤ ልወቀው ብዬ ነው።»

እናትየዋ፣ ሴትየዋ ታለቅሳለች፣ ትሳደባለች፣ በሩን በኃይል ትዘጋለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ለዚያ ሁሉ መልስ ነበራት። ከመዝገቡ ኋላ አንድ ባዶ ገጽ ቀደደችና የላቦራቶሪውን ስም፣ ከሥሩም የአውቶቡሱን ቁጥር ጻፈች። ጽሑፉ እንዳይጠፋ ደግማ አደመቀችው። ልጇ ከወንበሯ ተነስታ መጋረጃው አጠገብ ቆማለች። ብትመረምራት ቤቱ ይታሸጋል፤ ይህንን እናትና ልጅ ያውቁታል፣ ሳህን አጣቢዋም ሳታውቀው አትቀርም፣ ምክንያቱም አልለመነቻቸውም።

«ከዚህ ወጥተሽ በግራ፣ አስፋልቱን ይዘሽ ሁለት ፌርማታ» አለች እናትየዋ። «ሳትዘገዪ ሂጂ። በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋሉ።»

«እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ወረቀቱን አጠፈችው፤ እንደገና አጠፈችው፤ አውራ ጣት እስኪያክል ድረስ አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እናትየዋ እስከ ደጃፉ ሸኘቻት። ፀሐዩ በመንገዱ ወዲያ በኩል ዞሯል። ሴትየዋ ከደረጃው ወርዳ ትንሽ ቆመች፣ በግራ በኩል ወዳለው አስፋልት አየች፣ እጆቿን በሽርጧ አደረቀች። ከዚያ በቀኝ በኩል ታጥፋ ወደ ምግብ ቤቱ ቁልቁል መራመድ ጀመረች።

«በግራ ነው» አለች እናትየዋ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ሴትየዋ ግን መንገዱ ጠፍቷት አልነበረም።